የወር የአይቲ ኮንትራት ልፈርም ወይስ ሲበላሽ የምንጠራው ልጅ ይበቃናል?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። እህታችን 14 ሠራተኛ ያለው ድርጅት ታስተዳድራለች። 12 ኮምፒውተር፣ አንድ ሰርቨር (ሁሉም ፋይል የሚጋሩበት ዋና ኮምፒውተር) እና ሁለት ፕሪንተር አላቸው። እስከ ዛሬ የሆነ ነገር ሲበላሽ የሚጠሩት አንድ ልጅ ነበር፤ ይመጣል፣ ይሠራል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። አሁን ልጁ ሌላ ቦታ ተቀጥሮ ስልክ ቶሎ አያነሳም። በዚህ መሀል አንድ የአይቲ ድርጅት መጥቶ «በየወሩ ቁርጥ ክፍያ ክፈሉን፣ ሁሉንም ነገር እኛ እንይዝላችኋለን» ብሏቸዋል። ሰኞ ውሉን ይዘው ይመጣሉ። ልፈርም ወይ፣ ምንስ ልጠይቃቸው ነው የምትለው።

እህቴ፣ አጭሩ መልስ፦ ፈርሚ፣ ግን ሰኞ አይደለም።

ወደ ረጅሙ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር እወቂልኝ። እኔም የምበላው ከዚሁ ሥራ ነው። ለትናንሽ ድርጅቶች በኮንትራት የአይቲ ድጋፍ እሰጣለሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ ያንቺው ልጅ ዓይነት ነበርኩ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ካቻቪቴና ፍላሽ ይዤ ከቢሮ ቢሮ የምዞር። ሁለቱንም ወገን አውቀዋለሁ፤ ምክሬን በዚሁ ሚዛን ውሰጂው።

በመጀመሪያ ስለ አከፋፈሉ። ሲበላሽ የሚጠራ ባለሙያ ገቢ የሚያገኘው ሲበላሽብሽ ነው። ልጁ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፣ አከፋፈሉ ነው እንዲያ ያደረገው። ፕሪንተሩ በየወሩ ወረቀት ከነከሰ በየወሩ ይከፈለዋል፣ መንስኤውን አንዴ ፈልጎ ከነቀለው ግን የራሱን ገቢ ነቀለ ማለት ነው። በወር ቁርጥ ክፍያ የሚሠራው በተቃራኒው ነው፦ ስልክሽ ባልጮኸ ቁጥር ያተርፋል። ስለዚህ እንዳይበላሽ ለማድረግ ምክንያት አለው። ጥሩ። ግን እዚህም ወጥመድ አለ። ስልኩ ያልጮኸው ሁሉም ነገር ደህና ስለሆነ ነው ወይስ ማንም ዞር ብሎ ስላላየው? አንቺ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠሽ ሁለቱን መለየት አትችዪም። ለዚህ ነው በየወሩ አንድ ገጽ ሪፖርት በውሉ ውስጥ መግባት ያለበት። የትኛው ኮምፒውተር አፕዴት ተደርጓል፣ የትኛው አልተደረገም፣ ባክአፑ፣ ማለትም የፋይሎቻችሁ መጠባበቂያ ቅጂ፣ መጨረሻ የተፈተሸው መቼ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል። አሥር ገጽ ባለ ቀለም ግራፍ ከላኩልሽ ማንም እንዳያነበው ነው።

መሀል ላይ ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ሰዓት ቀድመሽ ገዝተሽ እየቀነስሽ የምትጠቀሚበት። ሦስት ላፕቶፕና ኢሜይል ብቻ ቢኖርሽ እሱን ነበር የምመክርሽ። ሰርቨር ላለውና 14 ሰው ለሚሠራበት ቤት ግን የወሩ ይሻላል፤ አንድ ቀን ሙሉ 14 ሰው እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ የሚከፈለውን ደመወዝ አንቺው አስዪው።

አሁን ወደ ዋናው። «ሁሉንም ነገር እኛ እንይዝላችኋለን» የምትለዋ አነጋገር ናት ያስፈራችኝ። ሥራውን ይያዙልሽ። ቁልፉን ግን አንቺ ያዢው።

ቁልፍ ስል ምን ማለቴ ነው? ከዶሜይን እንጀምር፣ ማለትም ከድረ ገጻችሁና ከኢሜይላችሁ ስም። አንድ ደንበኛዬ ጋ፣ እኔ ከመምጣቴ ከዓመታት በፊት፣ ዶሜይኑን ያስመዘገበው አንድ ባለሙያ ነበር። በማን ስም? በራሱ። በየትኛው ኢሜይል? በራሱ የግል ኢሜይል። ተንኮል አልነበረውም፣ በወቅቱ ቶሎ ለመጨረስ ብሎ ነው። ከዚያ ሰውየው ሥራ ቀየረ፣ ስልክ ቀየረ። የዕድሳት ማስታወቂያው ግን ማንም ወደማይከፍተው ሳጥን መምጣቱን ቀጠለ። አንድ ጠዋት ድረ ገጹም ኢሜይሉም አብረው ጠፉ። ደንበኞቻቸው የሚልኩት መልእክት ተመልሶ ይመጣል፣ እነሱ ደግሞ «ኔትወርክ ነው» እያሉ ግማሽ ቀን ራውተር ሲያጠፉና ሲያበሩ ዋሉ። ሰውየውን ያገኘነው በአራተኛው ቀን ነው። ኮም የሚል መጨረሻ ያለው ዶሜይን ካለፈበት በኋላ ከነጭራሹ ከመለቀቁ በፊት 30 ቀን የመዋጃ ጊዜ አለው፤ ያንን ግን መጠቀም የሚችለው አካውንቱን የያዘው ሰው ነው። ድርጅቱ የሃያ ዓመት ስሙን ለማስመለስ አንድ የማያውቀውን ሰው ስልክ ሲያፈላልግ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አረጋግጪ። ዶሜይኑ በድርጅቱ ስም ነው? ማሳወቂያው የሚመጣው እናንተ ወደምትከፍቱት ኢሜይል ነው? ያ ኢሜይል ደግሞ በዚያው ዶሜይን ላይ ያለ አይሁን። ዶሜይኑ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃላ።

ቀጥሎ የአድሚን አካውንቶች አሉ፣ ማለትም ሁሉን ነገር ማዘዝና መቀየር የሚችሉት መግቢያዎች። የኢሜይሉ፣ የሰርቨሩ፣ የራውተሩ፣ የሒሳብ ሶፍትዌሩ። ለድጋፍ ድርጅቱ የራሱ አድሚን አካውንት ይከፈትለት፣ በየባለሙያው ስም። ያንቺን ፓስዎርድ ተውሶ አይግባ። ዋናው አካውንት በድርጅታችሁ እጅ ይቆይ። ማይክሮሶፍት ራሱ ለኢሜይል አገልግሎቱ የሚመክረው በአዘቦት ቀን የማይነኩ ሁለት የመጠባበቂያ አድሚን አካውንት እንዲኖር ነው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ። የሁለቱን ፓስዎርድ ወረቀት ላይ ጻፊ፣ ፖስታ ውስጥ አሽጊ፣ ካዝና ውስጥ አስቀምጪ። አዎ፣ ወረቀት። ሰርቨሩ ሲሞት ሰርቨሩ ላይ የተቀመጠው የፓስዎርድ ፋይል አብሮ ነው የሚሞተው።

ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ቁልፍ ደግሞ አለ። የአሁኖቹ ዊንዶውስ ላፕቶፖች ዲስካቸው ብዙ ጊዜ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ ተቆልፏል። ማሽኑ አልነሳም ሲል ባለ 48 አሃዝ የማስመለሻ ቁጥር ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ድርጅት የላከው አንድ የተበላሸ አፕዴት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖችን በአንድ ቀን ሲያንበረክክ ብዙዎቹን ለማንሳት እያንዳንዱ ማሽን ፊት ቁጭ ብሎ ያንን ቁጥር መምታት ያስፈልግ ነበር። ማስተካከያው ራሱ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ቁጥሩ የት እንዳለ ያላወቀ ግን ቁጭ ብሎ ሰማያዊውን ስክሪን ያያል። የ12ቱ ኮምፒውተር ቁጥር የት ነው ያለው? «እኛ ጋ» ካሉሽ ኮፒ ጠይቂ።

ባክአፕ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሞኝበት እዚህ ነው።

አንድ ጊዜ ሰርቨራቸው ሞቶ ተጠርቼ ሄድኩ። ባለቤቱ ዘና ብሏል። «ችግር የለም፣ ባክአፕ አለን» አለኝና ከሒሳብ ሠራተኛዋ ጠረጴዛ ሥር የተሰካ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አሳየኝ። ከስምንት ወር በፊት አንድ ባለሙያ በየቀኑ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በራሱ የሚገለብጥ ፕሮግራም ጭኖላቸዋል። ነቅዬ በራሴ ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት። አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ብልጭ አለች። ፎልደሮቹ በየቀናቸው ተደርድረዋል፣ አንድም ቀን አልተዘለለም። እኔም ደስ አለኝ። አንዱን ከፈትኩ፤ የሒሳብ ፋይሎቹ ስም በሙሉ አለ። ግን እያንዳንዱ ምልክት ጥግ ላይ ትንሽ የታጠፈች ቀስት አለች። መጠናቸውን አየሁ። አንድ ኪሎባይት፣ ሁለት ኪሎባይት። ሾርትከት ናቸው። ፕሮግራሙ ስምንት ወር ሙሉ ሲገለብጥ የከረመው የሠራተኛዋን ዴስክቶፕ ነው፣ ዴስክቶፑ ላይ ያሉት ደግሞ ሰርቨሩ ውስጥ ወዳሉት ፋይሎች የሚጠቁሙ ቀስቶች ብቻ ናቸው። ለባለቤቱ እንዴት እንደምነግረው ሳስብ ላፕቶፑን ትንሽ ወደ ራሴ አዞርኩት። ከሞተው ዲስክ ግማሹን አወጣን፣ ሌላውን ሁለት ሳምንት ሙሉ ከደረሰኝ ላይ እያዩ እንደ አዲስ መዘገቡት። በስምንት ወር ውስጥ አንድ ሰው አንዲት ፋይል መልሶ ከፍቶ ቢሞክር ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ይታወቅ ነበር።

ስለዚህ «ባክአፕ ትወስዳላችሁ?» ብለሽ አትጠይቂ። ሁሉም አዎ ነው የሚለው። መልሳችሁ ያያችሁት መቼ ነው በያቸው። በየስንት ጊዜው? የማን ፊርማ አለበት? ደንቡ የታወቀ ነው፣ 3-2-1 ይሉታል፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቢሮው ውጭ። እኔ አንድ እጨምራለሁ፤ ቢያንስ አንዱ ቅጂ ከኔትወርኩ የተነቀለ ይሁን። እርስ በርስ በራሱ የሚገለባበጥ ነገር ባክአፕ አይደለም፣ አንዱ ጋ የጠፋ ሌላውም ጋ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2017 ኖትፔትያ የተባለው ጥቃት ሜርስክን፣ ያን ግዙፍ የመርከብ ድርጅት፣ ሲመታው የሠራተኛውንና የኮምፒውተሩን ዝርዝር የያዙት ዋና ሰርቨሮች በየአገሩ ነበሩ፤ ግን ሁሉም እርስ በርስ ይገለባበጡ ነበር፣ ሁሉም አብረው ጠፉ። የተረፈው አንድ ብቻ ነው። ጋና ያለው። ለምን ተረፈ? ጥቃቱ በመጣበት ሰዓት መብራት ጠፍቶ ከኔትወርክ ውጭ ስለነበር። ያን የሚያህል ድርጅት ያዳነው የመብራት መጥፋት ነው። እኛ መብራት እስኪጠፋ ከምንጠብቅ ገመዱን ራሳችን ብንነቅል ይሻላል።

«ሁሉም ነገር ክላውድ (ኢንተርኔት) ላይ ስለሆነ ባክአፕ አያስፈልግም» የሚል ካጋጠመሽ፣ ዋንድራይቭ በተባለው የማይክሮሶፍት የክላውድ ማስቀመጫ ላይ ለሥራ አካውንት የጠፋ ፋይል የሚቆየው 93 ቀን መሆኑን ንገሪው። ከአራት ወር በፊት በስህተት የተሰረዘ ፎልደር ዛሬ ቢፈለግ የለም።

ሌላው ስለ ራሳቸው ስለ ሰዎቹ ነው። ይሄን ስጽፍ የራሴን ቤት እያማሁ ነው፣ ግን ይባል። የድጋፍ ድርጅት በሁሉም ደንበኞቹ ኮምፒውተር ላይ ከርቀት የሚያይበትና የሚያዝበት ፕሮግራም ይጭናል። ያለሱ ሥራው አይሠራም። ግን ያ ፕሮግራም ዋና በር ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 2021 ወንበዴዎች ካሴያ በተባለው የዚህ ዓይነት ሶፍትዌር በኩል ገብተው ከ60 ያነሱ ድርጅቶችን መቱ። 60 ትንሽ ይመስላል አይደል? ከእነሱ ብዙዎቹ ግን እንደኔ ያሉ የድጋፍ ድርጅቶች ስለነበሩ ዕዳው እስከ 1,500 ለሚደርሱ ደንበኞቻቸው ተረፈ። ስዊድን ውስጥ ኩፕ የተባለው የሱፐርማርኬት ድርጅት የገንዘብ መቀበያ ማሽኖቹ ስለቆሙ 800 ያህል ሱቆቹን ዘጋ። ሶፍትዌሩን የገዛው እሱ አልነበረም፣ አገልግሎት ሰጪው ነው የሚጠቀምበት።

እና ምን ልጠይቅ ትዪኛለሽ። ወደ ኮምፒውተሮቻችን የምትገቡበት ፕሮግራም በፓስዎርድ ብቻ ነው የሚከፈተው ወይስ ስልክ ላይ የሚመጣ ሁለተኛ ማረጋገጫ አለው? ከእናንተ ሠራተኛ አንዱ ሲለቅ የሱን መግቢያ በስንት ሰዓት ትዘጋላችሁ? ለሁሉም ደንበኛ አንድ ዓይነት ፓስዎርድ ነው የምትጠቀሙት? የመጨረሻውን ስትጠይቂ ፊታቸውን እይ። እኔ ራሴ በወጣትነቴ የሠራሁት ጥፋት ስለሆነ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

አፕዴት ላይ ቶሎ ልለፍ። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ከ12ቱ ስንቱ አሁንም በሱ ላይ እንዳሉ ቁጠሪ፤ የትኛው ወደ 11 ይሻገራል፣ የትኛው ይቀየራል፣ ለየትኛው የተራዘመ የደህንነት አፕዴት ይገዛል የሚለውን ጽፈው ይስጡሽ። ክራክ የተደረገ (ሳይገዛ ቁልፉ ተሰብሮ የተጫነ) ሶፍትዌር ካለም አሁኑኑ ንገሪያቸው፣ አትፈሪ፣ ዓይተነዋል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2017 ወናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ዓለምን ሲያምስ ቀዳዳውን የሚደፍነው አፕዴት ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። ያልጫኑት ናቸው የተመቱት። ከዚያ በኋላ ሁሉም አንቲቫይረስ ሊገዛ ተሰለፈ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ውሉን ስታነቢ «በአንድ ሰዓት ውስጥ ምላሽ እንሰጣለን» የሚል ይኖረዋል። ምላሽና መፍትሔ ይለያያሉ። «ጥሪዎ ደርሶናል» የሚል መልእክትም ምላሽ ነው። ስለዚህ በደረጃ ይከፋፈል፦ ሰርቨሩ ከቆመ ሰው በስንት ሰዓት ውስጥ በአካል ይመጣል፣ የአንድ ሰው ፕሪንተር እምቢ ካለስ። «ሲስተማችሁ 99 በመቶውን ጊዜ ሳይቆም ይሠራል» የሚል ቁጥርም አያስደንቅሽ። 99 በመቶ ማለት በዓመት ከሦስት ቀን ተኩል በላይ መቆም ይፈቀዳል ማለት ነው። 99.9 ከሆነ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይወርዳል። ቅዳሜ የምትሠሩ ከሆነ ቅዳሜን ቃል በቃል አጽፊ። በወሩ ክፍያ ውስጥ የማይካተተውን ደግሞ ከሚካተተው አስበልጠሽ አንብቢ፤ አዲስ ኮምፒውተር ማዘጋጀት፣ ቢሮ ሲቀየር ኬብል መዘርጋት፣ የሰርቨር ለውጥ፣ ብዙ ጊዜ ለብቻ ነው የሚታሰቡት። መታሰባቸው ነውር አይደለም፣ ድንገት መምጣታቸው ነው ነውሩ።

የመለያያውን አንቀጽ በሰርጉ ቀን ማንሳት እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ግን አንሺው። በ30 ቀን ማስታወቂያ መውጣት መቻል አለብሽ። ሲወጡ ፓስዎርዶቹን በጽሑፍ ያስረክባሉ፣ ፕሮግራማቸውን ከማሽኖቹ ላይ ያነሳሉ፣ የኔትወርኩን ንድፍ ትተው ይሄዳሉ። እነሱ ያመጡት ራውተር ወይም ስዊች ካለ የማን እንደሆነ ይጻፍ። አንድ ዓመት ከከፈልሽበት በኋላ «እሱ እኮ የኛ ነው» ብለው ነቅለውት ሲሄዱ አይቻለሁ።

ልጁን በተመለከተ። እባክሽ አታስቀይሚው። ያ ልጅ ጭንቅላቱ ውስጥ የቢሮሽን ካርታ ይዞ ነው የሄደው፦ የትኛው ኬብል የት እንደሚሄድ፣ ሰርቨሩ ለምን ሁለት ጊዜ እንደሚነሳ፣ ያ አሮጌ ፕሪንተር በየትኛው ዘዴ እንደሚሠራ። ሌላ ሰው ይሄን ለማወቅ ወር ይፈጅበታል፣ ያንን ወር ደግሞ የምትከፍዪው አንቺ ነሽ። በዕረፍት ቀኑ ጥሪው፣ የቀኑን ሙሉ ክፈዪው፣ ጎኑ ተቀምጠሽ ሁሉንም አጽፊው። ከዚያ ፓስዎርዶቹን ቀይሪ፣ ለምን እንደሆነም ንገሪው። ነገ አንድ ነገር ቢጠፋ እሱ እንዳይጠረጠር እሱንም ይጠብቀዋል።

ሰኞን ለትውውቅ አድርጊው። ለዓመት ከመፈረም ይልቅ የሦስት ወር ሙከራ ጠይቂ፤ በሥራው የሚተማመን አይከለክልሽም። በሙከራው መሀል ደግሞ አንድ ተራ ቀን ምረጪ። ሳትነግሪያቸው ሰርቨሩ ላይ ካለው አንድ ፎልደር አጥፊና «ጠፋብን፣ የዛሬ ሳምንት የነበረውን መልሱልን» ብለሽ ደውዪ። ሰዓትሽን ተመልከቺ። ከማጥፋትሽ በፊት ግን ኮፒውን ፍላሽ ላይ ያዢ፣ ኋላ እኔን እንዳትረግሚኝ።